ማየትም መንካት ነው፦ የፕሮግራመሮች መሣሪያዎች በሥራ ላይ ባለ ዳታቤዝ የሚያስከትሉት ያልታሰበ ጉዳት

በፊዚክስ ቤተ ሙከራ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ለተማሪ ከሚነገሩት ነገሮች አንዱ፣ ማንኛውም መለኪያ የሚለካውን ነገር በጥቂቱም ቢሆን እንደሚለውጥ ነው። ምሳሌው ቀላል ነው። በሲኒ ውስጥ 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሞቀ 50 ግራም ውኃ አለ እንበል። በ20 ዲግሪ ላይ የቆየና ሙቀት የመያዝ አቅሙ ከ5 ግራም ውኃ ጋር እኩል የሆነ ቴርሞሜትር ብንከትበት፣ ቴርሞሜትሩ ከውኃው ሙቀት ይወስዳል። በመጨረሻ የምናነበውም 60 ሳይሆን 56.4 ዲግሪ ያህል ይሆናል። መሣሪያው አልዋሸም፤ ያነበበው ግን ራሱ ያቀዘቀዘውን ውኃ ነው። ይኸንኑ ቴርሞሜትር 10 ሊትር ውኃ በያዘ ባልዲ ውስጥ ብንከተው ለውጡ ከ0.02 ዲግሪ አይበልጥም። ትልቅ ነገር በትንሽ መሣሪያ በቀላሉ አይናወጥም።

ወደ ዳታቤዝ ስንመጣ ግን ነገሩ ይገለበጣል። አንድ ፕሮግራመር መቶ ተማሪ ብቻ በተመዘገበበት የልምምድ ዳታቤዝ ላይ የሚገለገልበት መሣሪያ ምንም ጉዳት ሳያሳይ ዓመታት ሊያገለግለው ይችላል። ይኸው መሣሪያ አንዲት ፊደል ሳትለወጥበት፣ ሚሊዮን መዝገብ ባለበትና በሺህ የሚቆጠር ሰው በአንድ ጊዜ በሚጠቀምበት ዳታቤዝ ላይ ሲከፈት ሥራ ሊያስቆም ይችላል። ቴርሞሜትሩ በባልዲው ውስጥ የዋህ፣ በሲኒው ውስጥ ግን አስቸጋሪ ነበር፤ የዳታቤዝ መሣሪያ ደግሞ በሲኒው የዋህ፣ በባልዲው አስቸጋሪ ነው። ጉዳቱ በትምህርት ጊዜ የማይታየውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ የምንለማመደው ሁልጊዜ በሲኒ ነውና። ጉዳዩ የኮምፒዩተር ሳይንስ ሆኖ ሳለ ፊዚክስ አስተማሪዎች ለምን ይጽፉበታል የሚል አንባቢ ቢኖር መልሳችን አጭር ነው፦ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የመለካት ጥያቄ ነው።

የመጋቢት ሌሊት

እንዲህ ያለው ጉዳይ በአገራችን ከባለሙያዎች ክፍል ወጥቶ የሕዝብ መነጋገሪያ የሆነው በ2016 ዓ.ም. ነው። መጋቢት 7 ቀን ሊነጋ ሲል፣ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ባሉት ሰዓታት፣ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ደንበኞች በሂሳባቸው ካለው በላይ ገንዘብ ማውጣትና ማስተላለፍ ቻሉ። ወሬው በስልክ ከግቢ ወደ ግቢ ተዛመተ። በዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ በሚገኙ የገንዘብ መክፈያ ማሽኖች ፊት ተማሪዎች በሌሊት ተሰለፉ። ባንኩ ነገሩን አውቆ አገልግሎቱን እስኪያቆም ድረስ ሰዓታት አለፉ። በኋላ በባንኩ እንደተገለጸው ያለአግባብ የወጣው ገንዘብ 801 ሚሊዮን ብር ያህል ነበር፤ ከዚህም ከሦስት አራተኛ በላይ የሚሆነው በቀናት ውስጥ ተመለሰ። ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪዎቻቸው የወሰዱትን እንዲመልሱ ማስታወቂያ አወጡ። ባንኩም ገንዘቡን ያልመለሱትን ሰዎች ስምና ፎቶግራፍ በይፋ እስከ መለጠፍ ደረሰ።

የብሔራዊ ባንክ በወቅቱ ባወጣው መግለጫ ችግሩ የተከሰተው በሥርዓቱ ላይ ከተካሄደ የጥገናና የፍተሻ ሥራ ጋር በተያያዘ መሆኑን አስታወቀ። ንግድ ባንኩም ጉዳዩ የሳይበር ጥቃት አለመሆኑን ገልጿል። እኛ ልናተኩርበት የምንፈልገው «ጥገናና ፍተሻ» በሚሉት ሁለት ቃላት ላይ ነው። ሕዝቡ በዚያን ሰሞን ሌባ ይፈልግ ነበር፤ ከውጭ ሰብሮ የገባ ሰው። መግለጫው ግን የጠቆመው ወደ ውስጥ፣ ሥርዓቱን ለመጠበቅ ወደሚደረግ ሥራ ነው። ዳታቤዝን ለሚያውቅ ሰው ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። በዓለም ዙሪያ ከታዩት ከባድ የዳታቤዝ አደጋዎች ብዙዎቹ የመጡት በጠላት እጅ ሳይሆን በመሣሪያቸው ሊረዱ በተነሱ ባለሙያዎች እጅ ነው።

ሰልፉ እንዴት ይፈጠራል?

በቅድሚያ አንድ ነገር እናብራራ። ዳታቤዝ ሲባል የሠንጠረዦች ስብስብ ብቻ አይደለም። ብዙ ሰዎች በአንድ ጊዜ ሲያነቡና ሲጽፉ እንዳይጋጩ የሚቆጣጠር ሶፍትዌርም ጭምር ነው። ይህ ሶፍትዌር ሥራውን የሚያከናውነው በትራንዛክሽን ነው። ትራንዛክሽን ማለት ተጀምሮ እስኪዘጋ ድረስ እንደ አንድ ነጠላ ድርጊት የሚቆጠር የሥራ ጥቅል ነው። ሥራው እስኪዘጋ ድረስ የተነኩት ሠንጠረዦች መቆለፊያ ይደረግባቸዋል። የሚያነብ ሰው የሚይዘው የጋራ መቆለፊያ ነው፤ መቶ አንባቢዎች አብረው ሊይዙት ይችላሉ። የሠንጠረዡን ቅርጽ የሚለውጥ ሰው፣ ለምሳሌ አዲስ ዓምድ የሚጨምር፣ የሚፈልገው ግን የብቻ መቆለፊያ ነው፤ ማንም ሌላ ሰው አጠገቡ እንዲኖር አይፈቅድም።

አሁን እንደ ቴፒ ባለ ግቢ የኮርስ ምዝገባ ሳምንት ነው እንበል። የሬጅስትራሩ ዳታቤዝ በሰከንድ 40 ጥያቄ ይቀበላል፤ እያንዳንዱም በመቶኛ ሰከንድ ውስጥ ይስተናገዳል። አንድ ሠራተኛ በጠረጴዛው ኮምፒዩተር ላይ ሠንጠረዦችን በመስኮት የሚያሳይ መሣሪያ ከፍቶ የተማሪዎችን ዝርዝር ይመለከታል። ከእነዚህ መሣሪያዎች አንዳንዶቹ ተጠቃሚው ሳያስተውል ትራንዛክሽን ከፍተው፣ ዝጋ እስኪባሉ ድረስ ክፍት ይተዉታል። ሠራተኛው ዝርዝሩን አይቶ፣ መስኮቱን ሳይዘጋ ቡና ሊጠጣ ወጣ። እስካሁን ምንም አልሆነም። ያነበበ እንጂ የጻፈ የለም፤ ሌሎች አንባቢዎችም ያለ ችግር ይስተናገዳሉ።

ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሌላ ባልደረባ በዚያው ሠንጠረዥ ላይ አንድ ዓምድ ለመጨመር ትእዛዝ ይሰጣል። በባዶ ሠንጠረዥ ላይ ይህ ትእዛዝ የዓይን ጥቅሻ ያህል እንኳ አይፈጅም። እዚህ ግን የብቻ መቆለፊያ ስለሚፈልግ፣ ቡና ሊጠጣ የወጣው ሰው ትራንዛክሽን እስኪዘጋ ይጠብቃል። ይጠብቅ እንጂ ሰውን ምን ይጎዳል? የሚያስደንቀው እዚህ ላይ ነው። ፖስትግሬስን በመሳሰሉ ዳታቤዞች ተራ ይከበራል። የብቻ መቆለፊያ የሚጠብቅ አንድ ሰው ከፊት ካለ፣ ከእሱ በኋላ የሚመጡት ተራ አንባቢዎችም ሁሉ ከኋላው ይሰለፋሉ። በሰከንድ 40 ጥያቄ ይመጣል ብለናል። ፖስትግሬስ ማስተካከያ ካልተደረገበት የሚፈቅደው ግንኙነት 100 ነው። ስለዚህ በሁለት ሰከንድ ተኩል ውስጥ በሩ ይሞላል፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣው ተማሪ ስክሪን ላይ የሚያየው «አገልግሎቱ የለም» የሚል መልእክት ነው። አንዱ ያየ ብቻ፣ ሌላው ዓምድ የጨመረ ብቻ፣ ምዝገባው ግን ቆሟል። ሁለቱም ብቻቸውን ቢሆኑ ኖሮ ምንም አይፈጠርም ነበር። በመቶ መዝገብ የልምምድ ዳታቤዝ ላይ ይህን የማናየው ስህተት ስለሌለ አይደለም፤ ሰልፍ የሚሠራ ሕዝብ ስለሌለ ነው።

በዚህ ላይ በእኛ አካባቢ ኑሮ የሚጨመር ነገር አለ። ሠራተኛው መስኮቱን ከፍቶ ሳለ መብራት ጠፋ እንበል። የጠረጴዛው ኮምፒዩተር ወዲያው ሞተ፤ በጄኔሬተር የሚሠራው ሰርቨር ግን ቀጥሏል። ኮምፒዩተሩ «ደኅና ሁን» ሳይል ስለሞተ ሰርቨሩ መሞቱን አላወቀም፤ ሰውየው ዝም ብሎ የተቀመጠ መስሎታል። ሊኑክስ ዝም ያለን ግንኙነት በሕይወት አለህ ወይ ብሎ መጠየቅ የሚጀምረው፣ ማስተካከያ ካልተደረገበት፣ ከ7,200 ሰከንድ በኋላ ነው። ይህም ሁለት ሰዓት ነው። በየ75 ሰከንዱ ዘጠኝ ጊዜ ጠይቆ መልስ ሲያጣ ግንኙነቱን ይቆርጣል። ስለዚህ የሞተ ኮምፒዩተር መቆለፊያ ከሁለት ሰዓት ከአሥር ደቂቃ በላይ በሰርቨሩ ላይ ሊቆይ ይችላል። እነዚህ ቁጥሮች የተመረጡት መብራት በቀን ሦስት ጊዜ ይጠፋል ብለው ባላሰቡ ሰዎች ይመስለናል። ለእኛ አገር ሁለት ደቂቃም ብዙ ነው።

ዳታቤዝ የድሮውን የመዝገብ ቅጂ አዲሱ ከተጻፈ በኋላም የሚይዝበት ጊዜ አለ፤ ገና ያልተዘጋ ትራንዛክሽን ድሮ የነበረውን ሊፈልግ ይችላልና። ለውጥ አድርጎ ሳይዘጋ የቀረ አንድ ትራንዛክሽን በኋላው የሚመጣውን ጽዳት ሁሉ ያግዳል። በቴፒና በቤበቃ ቡና በማድረቂያ አልጋ ላይ ተሰጥቶ ያየ አንባቢ ነገሩን በቀላሉ ይረዳዋል፦ ባለቤቱ ያላነሳው አንድ ቡና አልጋውን ይይዛል፣ የሚመጣው እሸት መዘርጊያ ያጣል።

ማንበብ ብቻ ነበር

«እኔ እኮ ያነበብኩ እንጂ ምንም አልነካሁም» የሚለው አባባል በኮምፒዩተር ክፍሎች በብዛት ይሰማል። ብዙ ጊዜ ከልብ የመነጨ ነው፤ ሆኖም እውነት አይደለም።

ማይኤስኪውኤል የተባለውን ዳታቤዝ እንመልከት። ማንኛውም ዳታቤዝ አንድን ጥያቄ በየትኛው መንገድ ቢመልስ እንደሚፈጥን የሚወስነው፣ ስለ ሠንጠረዦቹ በያዘው ግምታዊ ስታቲስቲክስ ተመርቶ ነው። ማይኤስኪውኤል እስከ 5.6 ቅጂ ድረስ ሳይነገረው የሚያደርገው አንድ ነገር ነበር፦ አንድ ሰው ስለ ሠንጠረዦቹ መረጃ ለማየት ሲጠይቅ፣ ያን ስታቲስቲክስ እንደ አዲስ ከጥቂት ናሙና ያሰላው ነበር። የሠንጠረዦችን ስምና መጠን በግራ በኩል የሚደረድር መሣሪያ የከፈተ ሰው እንግዲህ፣ ሳያውቅ የዳታቤዙን ውሳኔ ሰጪ አእምሮ ነካ ማለት ነው። ናሙናው ባጋጣሚ የተዛባ ከሆነ፣ ትናንት በፍጥነት ይመለስ የነበረ ጥያቄ ዛሬ በረጅሙ መንገድ ይሄዳል። ከ5.6 ወዲህ ይህ ልማድ ካልተፈለገ በቀር እንዲጠፋ ተደርጓል። የኳንተም ሜካኒክስ ተማሪዎቻችን መመልከት የሚታየውን ይለውጣል ሲባሉ የሩቅ ነገር ይመስላቸዋል፤ እነሆ በጠረጴዛ ላይ ባለ ኮምፒዩተር ውስጥ፣ ምንም የፕላንክ ቋሚ ሳያስፈልገው።

ሬዲስ የተባለው ፈጣን ዳታቤዝ ደግሞ ትእዛዞችን አንድ በአንድ፣ በአንድ ወረፋ ያስተናግዳል። «ያሉህን ቁልፎች ሁሉ አሳየኝ» የሚል ትእዛዝ አለው። የአዘጋጆቹ ሰነድ ተራ ላፕቶፕ ሚሊዮን ቁልፍ ለመቃኘት 40 ሚሊሰከንድ እንደሚፈጅበት ይገልጻል። ትንሽ ይመስላል። መቶ ሚሊዮን ቁልፍ ባለበት ላይ ግን በዚሁ ስሌት 4 ሰከንድ ይሆናል፤ በእነዚያ 4 ሰከንዶች ውስጥ ሌላ ማንም አይስተናገድም። ሰነዱም ትእዛዙን በሥራ ላይ ባለ ዳታቤዝ እንዳንጠቀምበት ያስጠነቅቃል።

የጊትላብ ሌሊት

ጃንዋሪ 31 ቀን 2017 እ.ኤ.አ. በጊትላብ ኩባንያ የደረሰው ሁኔታ በዝርዝር ሊታይ የሚገባው ነው፤ ምክንያቱም ኩባንያው የሆነውን ሁሉ ራሱ ለሕዝብ ስለጻፈው ነው። ጊትላብ ፕሮግራመሮች ሥራቸውን የሚያስቀምጡበት አገልግሎት ነው። ዳታቤዙ በሁለት ሰርቨሮች ላይ ነበር፦ ዋናውና ከዋናው እየገለበጠ የሚከተለው ተጠባባቂ። በዚያ ምሽት ጭነት በዛና ተጠባባቂው ወደ ኋላ ቀረ፤ ጭራሽም ዋናውን መከተል አቃተው። እንዲህ ሲሆን የሚደረገው የታወቀ ነው፦ ተጠባባቂው ላይ ያለውን ባዶ አድርጎ እንደ አዲስ ከዋናው መገልበጥ።

ለዚህ ሥራ የሚያገለግለው የፖስትግሬስ መሣሪያ ሲጀመር ግን ምንም አልተናገረም። ስህተትም አላሳየም፣ እየሠራሁ ነውም አላለም። በእርግጥ እየጠበቀ ነበር፤ ዋናው ሰርቨር መላክ እስኪጀምር ድረስ ዝም ብሎ መጠበቅ ባህሪው ነው። ባለሙያው ግን ዝምታውን እንደ ብልሽት ተረዳው። ምናልባት በማኅደሩ ውስጥ የቀረ ፋይል አስቸግሮት ይሆናል ብሎ ማኅደሩን ለማጥፋት ወሰነ። ሁለት ጥቁር መስኮቶች፣ በአንድ ቁጥር ብቻ የሚለያዩ ሁለት የሰርቨር ስሞች፤ ሰዓቱም የመሸ። የማጥፊያ ትእዛዙ የተሰጠው በዋናው ሰርቨር ላይ ሆነ። በአንድ ወይም በሁለት ሰከንድ ውስጥ ስህተቱን አይቶ አቆመው። ከ300 ጊጋባይት ያህል የቀረው 4.5 ጊጋባይት ብቻ ነበር።

ከዚህ በኋላ የመጠባበቂያ ቅጂ ፍለጋ ተጀመረ። በየቀኑ ወደ ሌላ ቦታ ይላካል የተባለው ቅጂ ሲታይ ባዶ ሆነ። ቅጂውን የሚያዘጋጀው መሣሪያ የ9.2 ሲሆን ዳታቤዙ የ9.6 ነበር፤ መሣሪያው በየቀኑ አልችልም ብሎ ሲመለስ ኖሯል። ይህን የሚያሳውቁት ኢሜይሎችም በተቀባዩ በኩል ትክክለኛ ፊርማ የላቸውም ተብለው ይመለሱ ስለነበር ማንም አላያቸውም። የዲስክ ቅጽበታዊ ቅጂ ለዳታቤዝ ሰርቨሮቹ አልተከፈተም ነበር። ያዳናቸው፣ ባለሙያው ራሱ ከስድስት ሰዓት ያህል በፊት ለሌላ ሥራ፣ ለሙከራ ዳታቤዝ ብሎ በእጁ የወሰደው ቅጂ ነው። ያን ቅጂ ከዘገምተኛ ዲስኮች መልሶ መገልበጥ ደግሞ 18 ሰዓት ያህል ፈጀ። የስድስት ሰዓት ያህል ሥራ ጠፋ፤ በግምት 5,000 ፕሮጀክት፣ 5,000 አስተያየትና 700 አዲስ ተጠቃሚ።

ብዙ ሰው ይህን ታሪክ ሲተርክ የሚጠቅሰው የማጥፊያውን ትእዛዝ ነው። እኛ ግን ዋናው ነገር ዝምታው ይመስለናል። ሁለት መሣሪያዎች ዝም አሉ፦ አንዱ እየሠራ ሳለ ዝም አለ፣ ሌላው ሳይሠራ ዝም አለ። ቴርሞሜትር ሲሰበር ሜርኩሪው ይፈስሳል፤ እናየዋለን። የኮምፒዩተር መሣሪያ ሲሰበርና ሲጠብቅ ግን መልኩ አንድ ነው።

ጊትሀብም በኖቬምበር 2010 እ.ኤ.አ. ተመሳሳይ ነገር ደርሶበታል። የፕሮግራም መሞከሪያ መሣሪያዎች ሥራቸውን የሚጀምሩት ዳታቤዙን አጥፍተው ባዶ አዲስ በመፍጠር ነው። በቅንብር ስህተት ምክንያት መሞከሪያው የተያያዘው ከልምምዱ ሳይሆን ከዋናው ዳታቤዝ ጋር ነበር። መሣሪያው የታዘዘውን በትክክል ፈጸመ።

ተማሪው ምን ያድርግ?

የዚህ መጽሔት አንባቢ ከሆኑት ተማሪዎች መካከል ጥቂት የማይባሉት በሁለትና ሦስት ዓመት ውስጥ በባንክ፣ በሬጅስትራር ወይም በጤና ቢሮ የአንድ ዳታቤዝ ሙሉ ሥልጣን ያለው የይለፍ ቃል ይሰጣቸዋል። በብዙ መሥሪያ ቤት ይህ የሚሆነው በመጀመሪያው ሳምንት ነው፤ ትክክል ነው ብለን አናምንም። የመጀመሪያው ጥያቄ መሆን ያለበት «ማንበብ ብቻ የሚፈቅድ መለያ ይሰጠኝ» የሚለው ነው። ለፍተሻና ለሪፖርትም ከዋናው ይልቅ ተከታዩን ቅጂ መጠቀም ይሻላል። የዋናው ሰርቨር መስኮት ቀይ፣ የልምምዱ አረንጓዴ እንዲሆን ማድረግ ሕፃንነት ሊመስል ይችላል፤ ዋጋው ግን አምስት ደቂቃ ነው። መጠባበቂያ ቅጂን በተመለከተ፣ ወደ ባዶ ኮምፒዩተር ተመልሶ ተከፍቶ ያልታየ ቅጂ እንደ ቅጂ ባይቆጠር እንመርጣለን።

ከሁሉ የሚሻለው ግን ሰልፉን በገዛ ዓይን ማየት ነው። ፖስትግሬስ ነፃ ነው፤ በአንድ ላፕቶፕ ላይ ይጫናል። አንድ ሠንጠረዥ ፍጠሩና ጥቂት መዝገቦች አስገቡበት፤ ከዚያ ሦስት መስኮቶች ክፈቱ። በመጀመሪያው መስኮት ትራንዛክሽን ጀምሩ፣ ከሠንጠረዡ አንድ መዝገብ አንብቡ፣ ሳትዘጉት ተዉት። በሁለተኛው በዚያው ሠንጠረዥ ላይ ዓምድ ለመጨመር እዘዙ፤ ዝም ብሎ ይቆማል። በሦስተኛው አንድ ተራ ንባብ ጠይቁ፤ እሱም ይቆማል፣ ምንም እንኳ አንደኛውና ሦስተኛው አንባቢዎች ብቻ ቢሆኑም። አራተኛ መስኮት ከፍታችሁ ፒጂ ስታት አክቲቪቲ የሚባለውን የዳታቤዙን የራሱን ሠንጠረዥ ብታዩ፣ የመጀመሪያው መስኮት ሥራ ፈት ሆኖ ሳለ በትራንዛክሽን ውስጥ እንዳለ ተጽፎ ታገኙታላችሁ። አሁን የመጀመሪያውን ዝጉት፤ ሁለቱ የቆሙት በአንድ ጊዜ ሲለቀቁ ታያላችሁ።

ሙከራውን ድገሙት። በዚህ ጊዜ ግን በሁለተኛው መስኮት ዓምድ ከመጨመራችሁ በፊት የመቆለፊያ መጠበቂያ ጊዜውን በሁለት ሰከንድ ወስኑት። ሁለት ሰከንድ ሲሞላ ዓምድ ጨማሪው ተስፋ ቆርጦ የስህተት መልእክት ይሰጣል፤ ሦስተኛው መስኮት ግን፣ የመጀመሪያው ገና ክፍት ሳለ፣ መልሱን ያገኛል።